የካርታው ቀለም ከመጽደቁ በፊት፦ ለፕላን ቦርዱ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማው የፕላን ቦርድ
ለተከበሩ ሰብሳቢና ለተከበራችሁ የቦርዱ አባላት

ጉዳዩ፦ በሰፈራችን የንግድና የኢንዱስትሪ መሬት ምደባ ላይ የተላለፈው የመጀመሪያ ደረጃ ውሳኔ ዳግም እንዲታይልን ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በወንዙና በዋናው መንገድ መካከል ባለው ሰፈር የምንኖርና የምንሠራ ሰዎች ነን። አንዳንዶቻችን ቤታችን እዚያ ነው። አንዳንዶቻችን የብየዳ፣ የእንጨት ሥራ፣ የልብስ ስፌትና የመኪና ጥገና ወርክሾፕ እዚያ አለን። መኖሪያውም መተዳደሪያውም እዚያው የሆነብን ደግሞ ብዙ ነን። ባለፈው ስብሰባችሁ በአንድ አጀንዳ ሁለት ነገር ወሰናችሁ። በመንገዱ ዳር ያለው፣ እስከ ዛሬ «ቅይጥ» ተብሎ ለአነስተኛ ማምረቻና ለንግድ በጋራ የተያዘው መሬት ሙሉ በሙሉ ለንግድ ሕንፃ እንዲሆን፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው፣ ለንግድና ለአገልግሎት ተከልሎ የቆየው ክፍት ቦታ ደግሞ ወደ ኢንዱስትሪ እንዲዞር። ውሳኔው በሚቀጥለው ስብሰባ ለማጽደቅ እንደሚቀርብ ሰብሳቢው ተናግረዋል። ገና ያልጸደቀ ነገር ስለሆነ ነው ብዕር ያነሳነው።

ጥያቄያችን በአጭሩ ይህ ነው፦ ለምን? ሁለቱ ቦታዎች ለምን እንደተቀያየሩ፣ ሌላ አማራጭ ታይቶ እንደሆነ፣ ታይቶም ከሆነ ለምን እንደተተወ የሚገልጽ አንዲት ገጽ ጽሑፍ እስከ ዛሬ አላገኘንም። ቃለ ጉባኤውን ጠይቀን የተሰጠን ወረቀት ላይ ያለው «ቦርዱ በጉዳዩ ላይ በስፋት ተወያይቶ ለውጡን ተቀብሏል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ቅሬታ ሁሉ በስተመጨረሻ ወደዚህች ዓረፍተ ነገር ይመለሳል።

ከማስታወቂያው እንጀምር። የስብሰባው ማስታወቂያ የተለጠፈው በመሥሪያ ቤቱ መግቢያ፣ በሩ ሲከፈት በሚሸፍነው ግድግዳ ላይ ነው። በሩ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ሆኖ ይውላል። ወረቀቱን ያየው አንድ የኮሚቴያችን አባል ነው፤ ለሌላ ጉዳይ ሄዶ ሳለ ዝናብ ወደ ውስጥ ሲመታ በሩን ገፋ ሲያደርገው ብቅ አለ። በዚያ ቀን ለስብሰባው የቀሩት አራት ቀናት ብቻ ነበሩ። ከቀናቱ ሁለቱ የእረፍት ቀናት ናቸው።

ከማስታወቂያው ጋር ስለተያያዘው ካርታ ትንሽ በዝርዝር መናገር አለብን፤ ምክንያቱም የቀረው ችግር ሁሉ በእሱ ውስጥ ይታያል። በመሬት አጠቃቀም ካርታ ላይ መኖሪያ በቢጫ፣ ንግድ በቀይ፣ ኢንዱስትሪ በሐምራዊ መቀባቱ የተለመደ አሠራር ነው። የተለጠፈው ካርታ ግን የጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ነበር። ቀይና ሐምራዊ በእንዲህ ዓይነት ኮፒ ሲወጡ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥቁር ግራጫ ይሆናሉ። የቀለሙ መፍቻ ያለበት የታችኛው ጥግ ደግሞ ኮፒው ሲነሳ ተቆርጦ ቀርቷል። የአካባቢያችን ሰዎች በስልካቸው ፎቶ አንስተውት ተሰብስበን አየነው። አንድ አናጺ ጣቱን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ግራጫ ላይ አድርጎ «ይሄ ሱቅ ነው ወይስ ፋብሪካ?» ብሎ ጠየቀ። ከመካከላችን ሊመልስለት የቻለ አልነበረም። ከወረቀቱ ላይ ንግድንና ኢንዱስትሪን መለየት የማይቻል ከሆነ፣ ሕዝቡ ስለ ንግድና ኢንዱስትሪ ምደባ ተነግሮታል ማለት አይቻልም። ካርታውን ያባዛው ሠራተኛ ክፉ አስቦ ነው አንልም። ነገር ግን ካርታውን ከመለጠፉ በፊት አንድም ኃላፊ በሚያነበው ሰው ዓይን እንዳላየው እርግጠኞች ነን።

ስብሰባው የተጠራው በሥራ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። የቀን ሠራተኛ በዚያ ሰዓት ቢመጣ የዕለት ገቢውን ይተዋል፤ የትምህርት ቤቱ መምህራንም ክፍል ውስጥ ናቸው። ቢሆንም ሥራችንን ጥለን ወደ ስልሳ የምንጠጋ ሰዎች መጣን። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ተሰጠ። በሰፈሩ ረጅም ዘመን የኖሩ አንዲት እናት ተነሥተው «ከልጅ ልጄ ክፍል ጀርባ የሚመጣው ኢንዱስትሪ ምን የሚሠራ ነው?» ብለው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ «ዝርዝሩ ባለሀብቱ ሲመጣ ይታወቃል» የሚል ነበር። እናታችን ቆመው ቀሩ። ሌላ የሚሉት ነገር ስላልነበራቸው ሳይሆን፣ ጥያቄያቸው እንዳልተመለሰ እያወቁ መቀመጥ ስለከበዳቸው ነው። ሰዓት የሚይዘው ሠራተኛ «ጊዜዎ አልቋል» ሲላቸው ተቀመጡ።

የመጨረሻው ተናጋሪ ወደ ወንበሩ ሳይመለስ የቦርዱ ጸሐፊ ውሳኔውን አነበቡ። ያነበቡት ከተተየበ ወረቀት ላይ ነው። አባላቱ እጅ ከማውጣታቸው በቀር እርስ በርሳቸው አንድ ቃል ሲለዋወጡ አልሰማንም። እኛ የመጣነው ሐሳባችን በውሳኔው ላይ አንዳች ለውጥ ሊያመጣ ይችል ይሆናል ብለን ነበር። ወረቀቱ የተተየበው ግን እኛ ከመናገራችን በፊት ነው። ውሳኔ ካለቀ በኋላ የሚደረግ ምክክር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ የተፈረመ ስምምነት አለ። አካባቢን በሚነኩ ውሳኔዎች ላይ ሕዝብ የሚሳተፍበትን አሠራር የሚደነግግ ነው። ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ተሳትፎው ገና በጠዋቱ፣ አማራጮች ሁሉ ክፍት ሳሉ እንዲጀመር፤ ውሳኔው ሲወጣም ከነምክንያቱ ለሕዝብ እንዲቀርብ። ስምምነቱን የፈረሙት አገሮች ጉዳይ የራሳቸው ነው። ሁለቱ ሐሳቦች ግን የትም ቢሆን የትኛውም ቦርድ ዛሬውኑ ሊሠራባቸው የሚችሉ ናቸው። በጀትም አዲስ ሕግም አይጠይቁም።

አሁን ወደ መሬቱ እንምጣ።

«ኢንዱስትሪ» የሚለው ቃል በአንድ ጆንያ ብዙ ነገር የሚያጭቅ ቃል ነው። ሃያ ስፌት መኪና ያለው የልብስ ማምረቻም ኢንዱስትሪ ነው፤ አሲድና መርዛማ ኬሚካል የሚያጠራቅም ፋብሪካም ኢንዱስትሪ ነው። ጃፓን መሬትን በ13 የአጠቃቀም ዓይነት ትከፍላለች፤ ለኢንዱስትሪ ብቻ ሦስት ደረጃ አላት። በመጀመሪያው ደረጃ አደጋው ቀላል የሆነ ፋብሪካና መኖሪያ ጎን ለጎን ይሆናሉ። በሁለተኛው ማንኛውም ፋብሪካ ይገባል፤ ሰው በፈቃዱ ቤት መሥራት ይችላል፤ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ግን አይፈቀድም። በሦስተኛው መኖሪያም የተከለከለ ነው። የእኛ ካርታ ላይ ያለው ሐምራዊ ግን አንድ ብቻ ነው። የትኛው ደረጃ እንደሆነ፣ ምን እንደሚከለክል አይናገርም። ትምህርት ቤቱ ከአጥሩ ማዶ እንዳለም አይናገርም፤ ካርታው ላይ ትምህርት ቤቱ ስሙ እንኳን አልተጻፈም።

በስብሰባው ላይ አንድ የቦርዱ አባል «የሚመጣው ቀላል ኢንዱስትሪ ነው፣ ሥጋት አይግባችሁ» ብለውናል። ቃላቸውን አንጠራጠርም። ነገር ግን ምደባ የሚከተለው መሬቱን ነው። ዛሬ ንጹሕ ሥራ ይዞ የሚመጣው ድርጅት ነገ ቢሸጥ፣ ቢከስር ወይም ሥራውን ቢቀይር የሚቀጥለው ሰው የሚያነበው ካርታውን እንጂ በስብሰባው ላይ የተነገረንን ቃል አይደለም። ካርታው የፈቀደውን ሁሉ መጠየቅ ይችላል፤ ከተማውም እንቢ ለማለት ሕጋዊ መሠረት አይኖረውም። ስለዚህ ቦርዱ ምደባ ሲለውጥ ሊመዝን የሚገባው መጀመሪያ የመጣውን ሰው ዕቅድ ብቻ ሳይሆን በዚያ ምደባ ሥር ሊመጣ የሚችለውን ከሁሉ የከፋውን ነገር ነው። ያ ነገር ከትምህርት ቤት አጥር ሥር እንዲቆም ፈቅዳችኋል? ከፈቀዳችሁ ይጻፍልን። ካልፈቀዳችሁ ደግሞ የማይፈቀዱት ሥራዎች ዝርዝር ከምደባው ጋር አብሮ ይውጣ።

ርቀቱን እኔ የደብዳቤው ጸሐፊ ከሁለት ወላጆች ጋር ሆኜ በሜትር ለክቼዋለሁ። ኢንዱስትሪ ከሚሆነው መሬት ወሰን እስከ ሁለተኛ ክፍል መስኮት ድረስ 41 ሜትር ነው። መስኮቶቹ ወደ ሜዳው ነው የሚከፈቱት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሜዳው ወደ ክፍሎቹ ይነፍሳል፤ መምህሯ በየቀኑ ከምሳ በኋላ የመስኮቱን ደፍ በጨርቅ ትጠርጋለች፣ ትምህርት ሲያበቃ ደግሞ በጣት ሊጻፍበት የሚችል አቧራ ተጋግሮበት ታገኘዋለች። አንድ ልጅ በአቧራው ላይ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጽፎበት አይተናል። ዛሬ የሚነፍሰው የሜዳ አፈር ነው። ነገ የሚነፍሰው ከዚያ ግቢ የሚወጣው ነገር ይሆናል። በከተማው ውስጥ ነፋስ በየትኛው ወቅት፣ በየትኛው ሰዓት፣ ከየት ወዴት እንደሚነፍስ ሳይታይ ለፋብሪካ ቦታ ተመርጧል ብለን ማመን አንፈልግም። ነገር ግን ታይቶ ከሆነ የት እንደተጻፈ አልተነገረንም።

ይህን ስንል የሚያጋጥመን መልስ አለ፦ «ታጋነናላችሁ።» ስለዚህ በሌሎች ላይ የደረሰውን እናስታውስ። በፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 2001 በአንድ የማዳበሪያ ፋብሪካ የተከማቸ አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ 31 ሰዎች ሞቱ። ቦታው በ1920ዎቹ ለፋብሪካ ሲመረጥ ከከተማው ርቆ ነበር፤ መኖሪያው ቀስ በቀስ ሄዶ ከበበው። በኔዘርላንድስ ኤንስኬዴ ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 2000፣ የርችት መጋዘን ፈንድቶ 23 ሰዎችን ገደለ፤ ያም መጋዘን በ1970ዎቹ ሲሠራ ከከተማ ውጭ የነበረ ነው። በአሜሪካ ቴክሳስ ዌስት በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 2013 እንደዚሁ የማዳበሪያ ማከማቻ ፈንድቶ 15 ሰዎች ሞቱ። በአቅራቢያው የአረጋውያን መኖሪያ፣ አፓርትመንትና ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ፍንዳታው የደረሰው ማታ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ስለነበር ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ። ያቺ ሰዓት ቀን ላይ ብትሆን ምን ይሆን እንደነበር የሕንፃዎቹ ፍርስራሽ ራሱ ይናገራል።

በሦስቱም ቦታ ከተማው ነው ወደ ፋብሪካው የሄደው። በዓመታት ውስጥ፣ ቤት በቤት ላይ እየተጨመረ፣ አንድ ሰው በአንድ ቀን ያልወሰነው ነገር ነው። እናንተ ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ ድምፅ፣ ኢንዱስትሪውን ወደ ትምህርት ቤቱ ልታመጡት ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ማዳበሪያ ወይም ርችት ይከማቻል እያልን አይደለም። እንዳይከማች የሚከለክል አንድ መስመር በውሳኔው ውስጥ የለም እያልን ነው።

ፈረንሳዮች ከቱሉዝ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 ሕግ አውጥተው በአደገኛ ፋብሪካዎች ዙሪያ ምን መሠራት እንደሚቻልና እንደማይቻል የሚወስን የአደጋ መከላከያ ዕቅድ እንዲዘጋጅ አስገደዱ። ያ ሕግ ያለውን ቤት ማጠናከርን፣ አንዳንዱንም ገዝቶ ማንሣትን ይጨምራል፤ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት የሚጠይቅ ሥራ ነው። እዚህ ግን መሬቱ ገና ሜዳ ነው። ርቀት ለመተው የሚያስፈልገው በካርታው ላይ መስመሩን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ስለ ወርክሾፖቹ ደግሞ እንናገር፤ በስብሰባው ላይ ማንም ያላነሣው ጉዳይ ይህ ነው። የመንገዱ ዳር መሬት «ንግድ» ሲሆን ማንም ነገ ጠዋት መጥቶ አያስነሣንም። ይህን ነግራችሁናል፤ እውነት ነው። የሚሆነው ሌላ ነው። ወርክሾፖቻችን «ከፕላኑ ጋር የማይጣጣም አገልግሎት» ይሆናሉ። እንዲህ የተባለ ሥራ ባለበት እንዲቀጥል ይፈቀድለታል፤ ማስፋት ግን አይችልም። ጣሪያው በእሳት ቢወድም በቀድሞው መልኩ መልሶ መሥራት አይፈቀድለትም። አበዳሪው መያዣውን ሲመረምር ወደፊት በቦታው የማይኖር ሥራ መሆኑን ያያል። አንድ ብረት በያጅ ባልደረባችን አዲስ ማጠፊያ ማሽን ለማስገባት ብድር ጠይቆ ነበር። ከስብሰባችሁ በኋላ የተሰጠው መልስ «የቦታው ምደባ እስኪለይ ድረስ» የሚል ነው። ውሳኔው ገና ሳይጸድቅ አንድ ሰው ሥራውን ከማስፋት ቆሟል፤ ሊቀጥራቸው የነበሩ ሁለት ወጣቶችም በር ላይ እየመጡ ይጠይቁታል።

ደግሞ እነዚህ ወርክሾፖች እዚያ አንድ ላይ የተሰበሰቡት በአጋጣሚ አይደለም። በያጁ የበሩን ማዕቀፍ ሠርቶ ለቀለም ቀቢው ያሻግረዋል፤ ቀለም ቀቢው ለመስታወት ቆራጩ። መኪና ጠጋኙ መፍቻው ቢሰበርበት ከጎረቤቱ ይዋሳል። ልጆች ሥራ የሚማሩት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በር ላይ ቆመው እያዩ ነው፤ ከዛሬዎቹ ባለወርክሾፖች ብዙዎቹ እንዲህ ነው የጀመሩት። ይህን ገመድ በጥሶ አንዱን ወደ አንድ ዳር፣ ሌላውን ወደ ሌላ ዳር መበተን በየትኛውም የካሣ ቀመር አይተመንም። ለዚህ ነው ጉዳዩን እንደ ቦታ ኪራይ ብቻ እንዳታዩት አጥብቀን የምንጠይቃችሁ።

ከወርክሾፖቹ አጠገብ የሚሠራው አዲስ ሕንፃ ነዋሪዎች ሲገቡ የመጀመሪያው አቤቱታ ስለ ግራይንደር ድምፅ እንደሚሆን ከአሁኑ እናውቃለን። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በብሔራዊው የፕላን መመሪያ የተካተተ መርህ አለ፦ ቀድሞ በቦታው ያለ ሥራ፣ ከእሱ በኋላ በተፈቀደ ግንባታ ምክንያት ያለአግባብ ገደብ አይጣልበትም፤ ድምፅ መከላከያውን የሚሠራው አዲስ የመጣው ነው። ይህ ፍትሐዊ ነው። እኛም ቀድመን የነበርን ሰዎች ነን።

ስለ መንገዱ በአጭሩ፦ ወደ ሜዳው የሚያስገባው ብቸኛው መንገድ በትምህርት ቤቱ ደጃፍ የሚያልፈው ነው። ስፋቱ ሁለት ትንንሽ መኪኖች ተጠጋግተው የሚተላለፉበት ነው፤ የእግረኛ መንገድ የለውም። የመንገድ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚያውቁት ነገር አለ፤ የአንድ አክስል (የጎማ ዘንግ) ጭነት በእጥፍ ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና በዚያ መንገድ በየቀኑ ሲመላለስ አስፋልቱ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚጠግነው፣ ልጆቹ በየት በኩል እንደሚሻገሩ በውሳኔው ውስጥ አልተነሣም።

ሌላም አለ። የቦርዱ አባላት በጉዳዩ ላይ፣ በመሬቱም ሆነ በአጎራባቹ፣ የግል ወይም የቤተሰብ ጥቅም ካላቸው አስቀድመው እንዲያሳውቁ በስብሰባው መጀመሪያ አልተጠየቁም። ማንንም አንከስም፤ የምናውቀውም ነገር የለም። መጠየቅ ግን ነበረበት፤ ለእኛም ለአባላቱም ክብር ሲባል።

የመሬት ምደባ የሚባለው ሥልጣን ከየት እንደመጣ ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በአሜሪካ ዩክሊድ በምትባል የኦሃዮ መንደር አንድ የመሬት ኩባንያ ለኢንዱስትሪ ሊያውለው ያሰበውን መሬት መንደሯ በከፊል ለመኖሪያ በመከለሏ ንብረቴ ዋጋ አጣ ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1926 ለመንደሯ ተፈረደ። ፍርድ ቤቱ የመሬቱን ባለቤት የሚጎዳ ገደብ እንኳን ሕጋዊ ነው ያለበት ምክንያት የሕዝብን ጤናና ደኅንነት መጠበቅ ነው፤ ፋብሪካን ከመኖሪያ መለየት የዚያ ዋና ምሳሌ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ቦርዶች «ይህ ለዚህ፣ ያ ለዚያ ይሁን» የሚሉት በዚሁ ምክንያት ተደግፈው ነው። ይኸው ሥልጣን ፋብሪካን ወደ ክፍል መስኮት ለማስጠጋት ሲውል ስናይ የቆመበት መሠረት የተረሳ ይመስለናል።

ኢንዱስትሪ አንጠላም። ልጆቻችን ሥራ ይፈልጋሉ። እኛ ራሳችን አምራቾች ነን፤ ብረት የምንቆርጥ፣ እንጨት የምንልግ ሰዎች ነን። ከተማው በዳር በኩል ቀደም ብሎ ለኢንዱስትሪ ያዘጋጀው ሰፊ ቦታ አለ፤ መንገዱ ሰፊ ነው፣ በአቅራቢያው ቤት የለም፣ ከግማሽ በላይ ባዶ እንደሆነ ሄደን አይተናል። ያ ቦታ ለምን እንዳልበቃ የሚያስረዳ ምክንያት ሊኖር ይችላል። የኤሌክትሪክ አቅርቦት ይሆናል፤ የውኃ መስመር ይሆናል። ከሆነም ንገሩን፤ ተረድተን አብረን መፍትሔ ልንፈልግ ዝግጁ ነን። የማንቀበለው ዝምታውን ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ለውጡ በሚቀጥለው ስብሰባ ለማጽደቅ እንዳይቀርብና ሁለቱ ቦታዎች በተለያየ አጀንዳ፣ እያንዳንዱ በራሱ ምክንያት እንዲታይ። የወርክሾፖቹ ጉዳይና የሜዳው ጉዳይ በአንድ ድምፅ የሚታለፉ አይደሉም።

አዲስ ስብሰባ ሲጠራ ማስታወቂያው ቢያንስ ሠላሳ ቀን አስቀድሞ፣ በቀለም ካርታ፣ ከነመፍቻው፣ በትምህርት ቤቱ በር፣ በወርክሾፖቹ መንገድና በሚነካው መሬት ዙሪያ ባሉ ቤቶች ሁሉ እንዲደርስ፤ ስብሰባውም ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት እንዲሆን። ካርታውን ማባዛት ወጪ ካለው እኛ አዋጥተን እናባዛለን።

በሜዳው ላይ ምንም ዓይነት የኢንዱስትሪ ምደባ ከመታሰቡ በፊት የአካባቢና የማኅበረሰብ ተፅዕኖ ግምገማ ተሠርቶ፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የፍሳሹ መውጫ፣ የወንዙ ሁኔታና የከባድ መኪናው መንገድ ተጠንቶ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ቦርዱ ከዚህ በኋላም ኢንዱስትሪ ይሁን የሚል ከሆነ፣ የማይፈቀዱት ሥራዎች በስም ተዘርዝረው ከምደባው ጋር እንዲጸድቁ፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀምሮም ምንም የማይሠራበት፣ ዛፍ የሚተከልበት በቂ ማለያ ቦታ በካርታው ላይ ተለክቶ እንዲሰመር። ስፋቱን ባለሙያዎቻችሁ ይወስኑ፤ የወሰኑበትን ስሌት ግን ያሳዩን።

የመንገዱ ዳር መሬት «ቅይጥ» ሆኖ እንዲቆይ። አዲስ የንግድ ሕንፃ ከተፈቀደም በአጠገቡ ቀድሞ የነበረው ወርክሾፕ በድምፁ ወይም በሥራ ሰዓቱ ምክንያት እንደማይነሣ በፈቃዱ ውስጥ እንዲጻፍ፤ የድምፅ መከላከያውንም ሕንፃውን የሚሠራው እንዲሠራ።

የቦርዱ አባላት የጥቅም ግጭት ካለባቸው በየስብሰባው መጀመሪያ እንዲያሳውቁና ይህም በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብ።

በመጨረሻም፣ ውሳኔያችሁ ለእኛ ቢመችም ባይመችም ምክንያቱ ተጽፎ ይሰጠን። ከተናጋሪዎች የቀረበው ዋና ዋና ሐሳብ፣ የተቀበላችሁትና ያልተቀበላችሁት፣ ያልተቀበላችሁትም ለምን እንደሆነ ይጻፍ። እኚያ እናት ለጠየቁት ጥያቄም በዚያ ጽሑፍ ውስጥ መልስ እንዲያገኙ እንጠይቃለን።

ከኮሚቴያችን አምስት ሰዎች በፈለጋችሁት ቀን መጥተን ልናነጋግራችሁ ዝግጁ ነን። ከዚያም በፊት ቢያንስ ሦስት የቦርዱ አባላት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ በሚነሣበት ሰዓት፣ ወደ ሁለተኛ ክፍል መጥተው ከመስኮቱ አጠገብ እንዲቆሙ እንጋብዛለን። ርዕሰ መምህሩ ፈቅደዋል።

ከአክብሮት ሠላምታ ጋር

የነዋሪዎች፣ የወላጆችና የአነስተኛ ወርክሾፕ ባለቤቶች የጋራ ኮሚቴ ጸሐፊ
ስለ ኮሚቴው አባላት

ግልባጭ፦
ለከተማው ምክር ቤት
ለአካባቢ ጥበቃ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት
ለትምህርት ቤቱ የወላጆችና መምህራን ኅብረት